ኡኡታ ከተሰማ በኋላ፦ በመሀል አዲስ አበባ አደጋ ላይ ያለን የማያውቁትን ሰው እንዴት ይረዳሉ?

ከስታዲየም ወደ ለገሐር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሠራተኛው ወደ ታክሲ ሰልፍ በሚጎርፍበት የምሽት ሰዓት፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ከፊቴ በቁሙ ወደቀ። ወዲያውኑ ሃያ የምንሆን ሰዎች ከበብነው። አንዱ «አየር ስጡት!» ይላል፤ ሌላው ክብሪት ያለው ሰው ያፈላልጋል፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው «እመ ብርሃን ድረሽለት» እያሉ ይማጸናሉ፤ እኔም ከሁሉም ኋላ ቆሜ፣ አምቡላንስ እስከ አሁን ተጠርቷል ብዬ አስብ ነበር። አልተጠራም ነበር። ሁላችንም ሌላው ጠርቷል ብለን ቆመናል። በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጦ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ «ጋሼ፣ እርስዎ ለአምቡላንስ ይደውሉ» አለኝ፤ ወደ ሁለት ወጣቶች ዞሮም «እናንተ መኪኖቹን ወደ ዚያ አሳልፉ» አላቸው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ ሥራ አገኘ፤ የወደቀውም ሰው ትንፋሹ ሳይቋረጥ አምቡላንስ ላይ ወጣ።

ያን ቀን ያፈርኩበት ነገር ይህን መመሪያ አስጽፎኛል። ለአደጋ የማይሮጥ ሕዝብ አይደለንም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ የምንሰበሰብበት ጊዜ ይበዛል። የጎደለው ለተሰበሰበው ሰው የመጀመሪያውን ሥራ የሚያከፋፍል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው አንድ ነገርን ይመለከታል፤ ይኸውም በመሀል ከተማ ከማያውቋቸው ሰዎች መካከል ቆመው፣ ከብቦ የሚያየውን ሰው እንዴት ወደሚረዳ ሰው እንደሚለውጡት ነው።

ባህል የሚወስነውና የማይወስነው

«የዚህ አገር ሰው ይረዳል፣ የዚያኛው አገር ሰው ጥሎ ያልፋል» የሚለው አነጋገር በየቦታው ይሰማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሌቪን ከባልደረቦቹ ጋር በ23 የዓለም ከተሞች ይህንኑ ሊለካ ሞክሯል። በመንገድ ላይ እስክሪብቶ የወደቀበትን ሰው፣ እግሩን ታሞ የያዘው መጽሔት የተበተነበትን ሰው፣ መንገድ መሻገር የፈለገን ዓይነ ስውር መንገደኛው ምን ያህል ይረዳል ብሎ ሲያወዳድር ሪዮ ዲ ጃኔሮ በ93 በመቶ አንደኛ ሆነች፤ ከአፍሪካ የተካተተችው ሊሎንግዌ 86 በመቶ አግኝታ ሦስተኛ ወጣች፤ ኒው ዮርክ 45፣ ኳላ ላምፑር 40 በመቶ አግኝተው መጨረሻ ላይ ተቀመጡ። አዲስ አበባ አልተጠናችም። እነዚህ ቁጥሮች የሚነግሩን ግን ስለ ትንንሽ ውለታዎች መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የወደቀ እስክሪብቶ ማንሳትና በቢላ ከሚዛት ሰው ፊት መቆም አንድ አይደሉም።

እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ሥዕሉ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በአምስተርዳም፣ በኬፕ ታውንና በእንግሊዟ ላንካስተር የመንገድ ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 ጠቦች መርምሮ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ያህል ቢያንስ አንድ መንገደኛ ለመገላገል ወይም ተጎጂውን ለመርዳት እንደገባ አሳይቷል። ሦስቱ ከተሞች በሀብትም በወንጀል ብዛትም እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም በዚህ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም። ሰው ሲበዛም ቢያንስ አንድ የሚገላግል ሰው የመገኘቱ ዕድል ጨምሯል። እንግዲህ ሰው በሰውነቱ ይደርሳል ማለት ነው። ባህል ጎልቶ የሚታየው እንዴት እንደምንጠራና ስንጠራ እንዴት እንደምንመልስ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ በኩል ያለን ውርስ ቀላል አይደለም። በቀድሞ ዘመን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል በዳዩ ባለበት እንዲቆም ይገደድ ነበር፤ ሁለቱ ተከራካሪዎች ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ በመንገድ ያገኙት እንግዳ ሰው እንኳ ጉዳያቸውን እንዲያይ ሲጠየቅ ቆሞ የመስማት ግዴታ ነበረበት። ጥሪው ለደፈናው ሕዝብ የሚበተን ሳይሆን በአንድ ሰው ላይ የሚያርፍ ነበር። ኡኡታም እንዲሁ ነው፤ በሰፈር ውስጥ እሪታ ሲሰማ ማን ቤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ያልወጣ ሰውም በእድሩ ፊት ያፍራል። ችግሩ የመሀል ከተማው ሰው በአብዛኛው ሰፈር የሌለው አላፊ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ከሄዱ ወዲህ፣ በድምፅ የሚተዋወቁ ጎረቤቶች የነበሩባቸው መንገዶች የመንገደኛ ብቻ ሆነዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት በሚባልበት አገር፣ የቅርቡ ሰው የማናውቀው ሰው ሲሆን አጠራራችንን መማር ያስፈልገናል።

ሥራ ማከፋፈል

ሰው ሲበዛ አንድ የሚደርስ ቢገኝም፣ እያንዳንዱ ሰው ግን ሌላው አለ ብሎ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በድምፅ ማጉያ ብቻ የሚሰማ ሰው የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት እርዳታ ሲጠይቅ የሚያሳይ ሙከራ አደረጉ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 በመቶዎቹ ሰውየው ሳይጨርስ ለመርዳት ወጡ፤ ሌሎች አራት ሰዎች አብረውኝ ሰምተዋል ብለው ካሰቡት ግን የወጡት 31 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ያልወጡትም ቢሆኑ ግድ የለሾች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበር ተመራማሪዎቹ መዝግበዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ኃላፊነት ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል ግን፣ ማን የትኛውን እንደያዘ ካልተነገረ በስተቀር፣ ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ተጎዳው ሰው ሲደርሱ «አንድ ሰው ይደውል!» አይበሉ፤ አንድ ሰው የሚባል ሰው የለም። ዓይን ለዓይን ይተያዩ፣ በእጅዎ ያመልክቱ፣ በልብሱ ወይም በሥራው ይጥሩት፤ «ወንድሜ፣ ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ፣ 907 ደውልና ያሉህን ንገረኝ» ይበሉ። «ያሉህን ንገረኝ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ዋጋ አላት፤ ሰውየው ስልኩን ዘግቶ እንዳይሄድ ወደ እርስዎ ትመልሰዋለች። በዕድሜ ለሚበልጥዎ «አባባ» ወይም «እማማ» ብለው በአክብሮት ሥራ ቢሰጡ የሚቀየም የለም፤ «እማማ፣ ነጠላዎን ለራሱ ማስደገፊያ ይስጡኝ» ሲባሉ እምቢ ያሉ እናት አጋጥመውኝ አያውቁም። አማርኛ የማይችል መንገደኛ ቢሆን እንኳ እጅና ዓይን ይበቃሉ፤ ስልክ ሲያሳዩትና ወደ ተጎጂው ሲያመለክቱ ይገባዋል።

ከመንገደኛው ይልቅ ቦታውን የሚያውቁትን ቀድመው ይፈልጉ። ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው፣ የባንክና የሕንፃ ጥበቃው፣ የሎተሪ አዟሪው ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚውሉ ናቸው፤ የትኛው ፋርማሲ ክፍት እንደሆነ፣ ትራፊክ ፖሊሱ የት እንደቆመ፣ የትኛው ባለ ላዳ ሰው ለማድረስ እንደማያንገራግር ያውቃሉ። ነገ እዚያው የሚገኙ ስለሆኑም ጥለው አይሄዱም። መሀል ከተማ ላይ ለእኔ እድሩን የሚተኩት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

በአዲስ አበባ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። ደዋዩ በመጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎ የደረሰውን ነገር፣ ከዚያም የተጎጂዎቹን ቁጥርና የሚተነፍሱ መሆን አለመሆናቸውን ይናገር፤ ስልኩንም ቀድሞ አይዝጋ። ከተማችን በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት የምትነገር ስለሆነች፣ የተመረጠው ምልክት ዛሬም የቆመ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። «ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ ከአንበሳው ሐውልት አጠገብ» ቢባል ማንም ያገኘዋል፤ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ላይ ግን ከፈረሰ ቤት ስም ይልቅ አሁን የሚታየውን ሕንፃ፣ አደባባይ ወይም የባቡር ጣቢያ መጥራት ይሻላል። አንድ ወጣት ደግሞ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ እጁን እያወዛወዘ አምቡላንሱን እንዲቀበል ይላኩ።

እጅ ከመንካቱ በፊትና በኋላ

በዚህ ክፍል ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በፍቅር የምናደርጋቸው አንዳንድ ነገሮች ተጎጂውን ይጎዱታል።

መጀመሪያ ራስዎን ይጠብቁ። የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰውየውን ነክቶት ከሆነ፣ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ማንም አይንካው፤ ሰውንም ያርቁ። የመኪና አደጋ ከሆነ፣ ሁለተኛ መኪና መጥቶ ሁላችሁንም እንዳይገጫችሁ፣ ራቅ ብሎ የሚያስቆም ሰው ያቁሙ፤ ሾፌሮቻችን ቅጠል ወይም ድንጋይ መንገድ ላይ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሲጨርሱ ድንጋዩን ማንሣት አይዘንጉ።

የወደቀው ሰው ሰውነቱ እየተንፈራገጠ ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፣ ፊቱንም ሊያቃጥል ይችላል። በጥርሱ መካከል ማንኪያ፣ ቁልፍ ወይም ጣት ማስገባት ጥርስ ይሰብራል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ምላሱን ይውጣል የሚባለውም እውነት አይደለም። በጉልበት ይዞ ማስቆም አይሞከርም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን በሽታው ይተላለፋል ብሎ መሸሽ ነው፤ የሚጥል በሽታ በመንካትም፣ በለሀጭም አይተላለፍም። የሚያስፈልገው ከራሱ ሥር የታጠፈ ጃኬት ወይም ነጠላ ማድረግ፣ ዙሪያውን ካለው ድንጋይና ከአስፋልቱ ጠርዝ ማራቅ፣ ሰዓት መያዝና መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም በወደቀበት ከተጎዳ አምቡላንስ ይጠራ። ሲነቃ ግራ ይጋባል፣ ያፍራልም፤ የከበበውን ሰው በትኑና አንድ ሰው ብቻ አብሮት ይቀመጥ።

ሲጠሩት የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ሰው ልቡ ቆሞ ይሆናል። በየመሀሉ የሚያቃስት የሚመስል ትንፋሽ እንደ መተንፈስ አይቆጠርም። አምቡላንስ እየተጠራ ሳለ በጀርባው አስተኝተው፣ የአንድ እጅዎን መዳፍ በደረቱ መሀል፣ ሌላውን በላዩ አድርገው፣ ክንድዎን ሳያጥፉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪሰረጉድ ድረስ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫኑ። በየ2 ደቂቃው የሚተካዎትን ሰው ከከበቡት መካከል አስቀድመው ይምረጡ፤ ይህ ሥራ ጉልበት ይጨርሳል፣ የቆመው ሕዝብም እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። አፍ ለአፍ መተንፈስን ያልተማሩ ከሆነ መጫኑ ብቻ ይበቃል።

ለሚደማ ቁስል ቡና አይነስንሱ። ንጹሕ ጨርቅ ደርበው በቀጥታ ቁስሉ ላይ በኃይል ይጫኑ፣ እየገለጡ አይዩት፤ ጨርቁ ከራሰ ሌላ በላዩ ይጨምሩ። ጓንት ከሌለ ሁለት ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይቻላል። የተሰካ ስለት ካለ አይነቀል። ውሃ ማጠጣትም ልማዳችን ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ውሃው ወደ ሳንባው ይሄዳል፣ ቀዶ ጥገና ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ አደጋን ይጨምራል። ከንፈሩን በረጠበ ጨርቅ ቢያርሱለት ይበቃል።

በመኪና የተገጨን ሰው በእጅና በእግሩ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ መወርወር፣ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። አምቡላንስ የሚመጣ ከሆነ ባለበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ሳያንቀሳቅስ ይያዝለት። አምቡላንስ ከዘገየና መነሣት ግድ ከሆነ፣ ከግንባታ ቦታ ሰፊ ጣውላ ወይም በር አምጥተው፣ ቢያንስ አምስት ሰዎች ሆነው፣ ራሱን የያዘው ሰው ሲቆጥር በአንድ ጊዜ ያንሡት። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ካለ የሰሌዳውን ኮድ፣ ፊደልና ቁጥር ጮክ ብሎ እየደጋገመ የሚመዘግብ ሌላ ሰው ይመደብ።

በክረምት፣ ቀበናና ግንፍሌ ሲሞሉ ወይም የመንገድ ቱቦ ክፍት ሆኖ ሰው ሲገባበት፣ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሟች መሆን ነው። ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም እርስ በርሱ የተቋጠረ ነጠላ ይወርወርና 939 ይደወል።

ጠብ፣ ትንኮሳና የደቦ ፍርድ

ገላጋይነት የታወቀ ወጋችን ነው፤ ሆኖም ብቻዎን መሀል አይግቡ። ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ፤ ሁለቱ አንዱን፣ ሁለቱ ሌላውን እየያዛችሁ አራርቋቸው፤ «ማን ጀመረው?» የሚለውን ጥያቄ ለፖሊስ ተዉት። ስለት ወይም መሣሪያ ካለ ሥራችሁ መራቅ፣ ሌላውን ማራቅና 991 መደወል ነው።

አንዲት ሴት በመንገድ ላይ ስትንገላታ ብዙ ሰው የሚቆመው «በባልና በሚስት መሀል አይገባም» ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ፣ ወንድ ሲያንገላታት «አላውቅህም!» ያለችውን ሴት ካዩት 65 በመቶዎቹ ሊረዱ ገቡ፤ «ለምን እንዳገባሁህ አላውቅም!» ስትል ግን የገቡት 19 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ጥቃት የደረሰባት «አላውቀውም! ድረሱልኝ!» ብላ ትጩህ፤ ለአንድ ሰውም «ወንድሜ፣ ባለ ቦርሳው፣ አላውቀውም፣ እርዳኝ» ትበል። ሁለተኛ፣ ባሏም ቢሆን መደብደብ ወንጀል ነውና ባል መሆኑ ለመንገደኛው መሄጃ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ብዙ ጊዜ ከድብድብ የሚሻል መንገድ አለ። እንደሚያውቋት ሆነው «እንዴ! እስካሁን የት ቆየሽ? እማዬ እየጠበቀችሽ ነው እኮ» ብለው ቀጥ ብለው ወደ እሷ ይሂዱ፤ ተንኳሹን አይመልከቱት፣ አይስደቡትም። ሴት ረዳት ብትሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። እሷ ወዲያው ይገባታል፤ እሱም ሳይዋረድ የሚሄድበት ቀዳዳ ያገኛል። ከዚያ «አብሬሽ እስከ ታክሲ ልሂድ ወይስ ሰው ልጥራልሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ምርጫው የእሷ ይሁን። ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ የሚጠቅመው ሌላ ሰው እየረዳ ከሆነ ብቻ ነው፤ የተቀረጸውም ለእሷ ወይም ለፖሊስ ይሰጥ እንጂ ቲክቶክ ላይ አይለጠፍ።

«ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት የራሱ አደጋ አለው። ስልክ የተነጠቀ ሰው ሲጮህ መርካቶም ሆነ ሜክሲኮ ላይ ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ይህ ያው የመድረስ ባህላችን ነው። ግን የተያዘው ልጅ መሬት ላይ ወድቆ በርግጫ ሲመታ፣ በዚያች ደቂቃ አደጋ ላይ ያለው ሰው ተለውጧል። አርሶ አደሩ ተረዳድቶ የሚያጭድበትን ደቦ ስሙን ወስደን «የደቦ ፍርድ» ማለታችን ያሳዝነኛል። እንዲህ ሲሆን ልጁን ከመከላከል ይልቅ የመታውን ሰው ማናገር ይቀላል፤ «በሕግ አምላክ! ይበቃል፣ ፖሊስ ተጠርቷል፣ ቢሞት እኛ ነን የምንጠየቅ» የሚል ከፍ ያለ ድምፅ ብዙ እጅ ያወርዳል። ስልኩ የተነጠቀበት ሰው ራሱ «ተዉት፣ ስልኬን አግኝቻለሁ» ካለ ደግሞ ከማንም የበለጠ ይሰማል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ይፈልጉት።

«ጣጣ ያመጣብኛል» ለሚሉ

ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። እኔ ራሴ የተገጨ ልጅ ይዤ ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ገብቼ፣ ማስያዣ ካልከፈልኩ ካርድ አይወጣለትም ተብዬ ቆሜአለሁ፤ «አንተ ነህ የገጨኸው?» የሚለውም ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቦልኛል። ብዙ ሰው ጥሎ የሚያልፈው ልቡ ስለደነደነ ሳይሆን ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ሕጉ ግን ከረዳው ሰው ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤንነቱ ከባድና ተቃርቦ ባለ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የገጨው ወይም ያቆሰለው ራሱ ከሆነ፣ እንዲሁም በሙያው የመርዳት ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያለ አጠቃላይ ግዴታ የለም፤ በጀርመንና በፈረንሳይ ግን አለ። ልብ ይበሉ፦ ሕጉ የሚጠይቀው ጀግንነትን አይደለም፤ ስልክ መደወልም እርዳታ ነው።

የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው የሚካስበት ፈንድ አለ። በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የአዋጁን ቁጥር በትሕትና መጥራት ነገሩን ያፈጥናል፤ «እህቴ፣ የመኪና አደጋ ነው፣ በ799 አስቸኳይ ሕክምና ይገባዋል» ማለት ከጭቅጭቅ ይሻላል። ለራስዎ ጥበቃ ደግሞ ሁለት ነገር ያድርጉ፦ ተጎጂውን ከማንሣትዎ በፊት ከነበሩት መካከል የሁለት ሰዎችን ስልክ ይያዙ፣ ከተቻለም ትራፊክ ፖሊስ ወይም ከነዚያው ሰዎች አንዱ አብሮዎት እንዲሄድ ያድርጉ። ንብረቱን ማለትም ቦርሳውን፣ ገንዘቡንና ሰዓቱን በሰው ፊት ቆጥረው ለነርስ ወይም ለፖሊስ ያስረክቡ።

ለቤተሰብ መደወል

የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ ለእርስዎ ይቀራል። የተጎጂው ስልክ ቢቆለፍም የሚደወልለት ጥሪ ይገባልና አጠገብዎ ያቆዩት፤ ቤተሰብ ሲደውል ያንሡት። ራሱን ካልሳተ «ለማን ልደውል?» ብለው ስሙንና ቁጥሩን ያስነግሩት። በስልኩ መጀመሪያ «እማዬ» የሚለው ስም ቢታይም ወደ እናት አይቸኩሉ፤ ወንድም፣ ባልደረባ ወይም ጓደኛ የሚመስለውን ያስቀድሙ።

ሲያናግሩም የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ፦ «ስሜ እንዲህ ይባላል፣ መንገደኛ ነኝ፤ ወንድምህ ትንሽ ተጎድቶ ዘውዲቱ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሰነዋል፤ ሐኪሞች እያዩት ነው፤ አጠገቡ ነኝ፣ እስክትመጣ እጠብቅሃለሁ» ይበሉ። ሰውየው ሕይወቱ አልፎ ቢሆን እንኳ በስልክ አይናገሩ። መርዶ በአገራችን ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ በሚያውቁት ሰው አንደበት ይነገራል። ስልኩን የተቀበለው ሰው «በሕይወት አለ?» ብሎ አጥብቆ ቢጠይቅዎ፣ «ሐኪሙ ያነጋግርሃል፤ ብቻህን አትምጣ፣ ሰው ይዘህ ና» ብለው ይመልሱና ወደ በሩ ወጥተው ይጠብቁት።